አልተሰበረም የተባለው ጎን

ምእመናን ሆይ፥ እመቤታችን ድንግል ማርያም በአንዲት መምህርት ቤት ያደረገችውን ተአምር አድምጡ፤ ረድኤቷ ለሚያነብም ለሚሰማም ይድረስ፤ አሜን።

የሻረግ የምትባል መምህርት ነበረች። ዓይነ አፋር ነበረችና ከተማሪዎቿ በቀር ድምፅዋን የሰማ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል አትቀምስም ነበር። ባሏ ተገኘወርቅም አናጢ ነበረና የደብሩን ቆርቆሮ ሲለውጥ ከጣሪያ ወድቆ ራሱን ስቶ በትኩሳት ተኛ። ወጌሻውም ዳስሶት፥ ሦስት የጎን አጥንት መሰበሩን ለየሻረግ ብቻ ነገራት። እርሷም ባሏ ሲነቃ እንዳይደነግጥ ብላ ምንም እንዳልተሰበረ ነገረችው። እርሱም አመናት፤ በዳነም ጊዜ በየዓመቱ በእመቤታችን በዓል፥ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፥ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፥ «ከዚያ ጣሪያ ወድቄ አንድ አጥንቴ አልተሰበረም» እያለ መሰከረ፤ ሕዝቡም እልል አለ፤ እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ እልል አትልም ነበር።

ከብዙ ዘመንም በኋላ ተገኘወርቅ በፕሮስቴት ካንሰር ታመመ። ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ሲዘጋጁ አጥንቱን በመሣሪያ ቢያነሡት፥ በጎኑ ላይ ሦስት ነጠብጣብ ተደርድሮ ታየ። ሐኪሙም ተሰብሮ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀው። ተገኘወርቅ ግን ተቆጥቶ፥ «እመቤቴን ካድ ነው የምትለኝ? ወድቄያለሁ፤ አልተሰበርሁም» አለው። ስለዚህ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል ተባለና ቀዶ ሕክምናው ቀረ። የሻረግም አጠገቡ ነበረች፤ እፍረት ግን አንደበቷን ያዛት።

ወደ ቤታቸውም በተመለሱ ጊዜ ተገኘወርቅ እንደ እሳት ነደደ፤ መድኃኒቱን ወረወረ፤ የእመቤታችንንም ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና፥ «ያኔ የጠበቅሽውን አጥንት ዛሬ ለነቀርሳ ሰጠሽው?» አለ። ከቤትም ወጣ። የሻረግም በእርሱም በራሷም ተቆጥታ፥ ሥዕሉን አቅንታ ከፊቱ ወደቀች። ሥዕሉም በራ፤ ብርሃኑ ግን የተግሣጽ ብርሃን ነበረ። እመቤታችንም፥ «ያልሆነውን እያወራችሁ፥ በልጄ ኃይል የሆነውን ቀበራችሁት። ያ ጎን ተሰብሮ የዳነ ነው፤ ተናገሪ» አለቻት።

ዕለቱም ሰኔ ሃያ አንድ ነበረና ወደ ደብሩ ሮጠች። በደረሰችም ጊዜ ተገኘወርቅ ቆሞ፥ ዘንድሮ የሚመሰክረው እንደሌለው በምሬት ይናገር ነበር። እርሷም ከሴቶቹ መካከል ወጥታ፥ «ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው ነግሮኝ ደበቅሁት» አለች።

አንዲት ባልቴትም፥ «እኛስ ያን ሁሉ እልልታ ለምኑ አወጣነው?» አሉ።

ተገኘወርቅም ወደ እርሷ ዞሮ፥ «በታቦቱ ፊት ስታስዋሺኝ ኖርሽ?» አላት።

«አዎን፥ አስዋሸሁህ። ርገመኝ፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሄዱም፤ እርሱ ግን በመንገድ ሁሉ ከፊቷ ርቆ ይራመድ ነበር። ሐኪሙም ሰምቶ፥ ይህን እስከ ዛሬ መደበቋ እያናደደው ጎኑን በሌላ መሣሪያ አቅርቦ ቢመረምር፥ ነጠብጣቦቹ ነቀርሳ ሳይሆኑ ተሰብሮ የገጠመ አጥንት ጠባሳ ሆነው ተገኙ። ከዚያም ቀዶ ሕክምናው ተደረገለትና ዳነ።

በዓመቱም ተገኘወርቅ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ጎኑን ያዘና፥ «ከዚያ ጣሪያ ወድቄ ተሰበርሁ» አለ፤ እልል የሚልም ጠፋ። ከዚያም፥ «በእመቤቴ ምልጃ ሁለት ጊዜ ዳንሁ። ሚስቴን ግን ገና አልታረቅኋትም» አለ። ሕዝቡም ሳቀ፤ ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለችው ግን የሻረግ ነበረች።

በእፍረት የታሰረ አንደበታችንን እመቤታችን በምልጃዋ ትፍታልን፤ የተሰበረውን ሳንሸሽግ፥ የተጠገነውንም ሳንክድ ለልጇ ምስጋና እናቀርብ ዘንድ ትርዳን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።