የእመት ጦጣ ጭንጫ መሬት

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አርሶ በሚበላበት አገር፣ ንጉሡን አያ አንበሶን ጉንፋን ያዘው። መድኃኒተኛው ጉሬዛ ነጭ ሽንኩርት አዘዘለት። ንጉሥ ሲያስነጥስ አገር ያስነጥሳል፤ በሳምንቱ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት በአንድ ቁና ማሽላ ይለወጥ ጀመር።

እመት ጦጣ ፍየል እንኳ የሚንቀው ጭንጫ መሬት ነበራት። ከዳሩ ጥቂት ሽንኩርት ነቀለችና ጎረቤቷ አያ ከርከሮ ደጅ ሄደች።

«አያ ከርከሮ፣ ማሽላ ታቅፈው እስከ መቼ? የሽንኩርት መሬት ልሽጥልዎ። መሬት አይወልድ፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ ያለቅሳል።»

«ድንጋይ አይደለም ወይ፣ እመት ጦጣ?»

«ሽንኩርቱን የሚያሳምረው እኮ ድንጋዩ ነው።»

ከርከሮ የዓመት ቀለቡን ሰጥቶ ቁራሽ ገዛ። ጃርት የከርከሮን ሰምታ እጥፍ ከፈለች፤ ሚዳቋ የጃርትን ሰምታ ከዚያም ጨመረች። ጦጣ «መሬት አይወልድ፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ ያለቅሳል» እያለች ጭንጫውን ቸብችባ ጨረሰች። የሚገርማችሁ፣ ማሽላውን በደቦ ተሸክመው የእህል ጉድጓዷ ውስጥ ያፈሰሱላት ገዢዎቹ ናቸው። እንደ ደንቡም አፉን በትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥመው፣ መርቀዋት ሄዱ።

አገር ሁሉ ሽንኩርት ዘራ። ሽንኩርቱ ሲደርስ ግን አያ አንበሶ ድኖ፣ ሽታው አንገሽግሾት «በደጄ እንዳያልፍ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በዚያ ክረምት ቁርሱም ራቱም ሽንኩርት ሆነ። የከርከሮ ግልገሎች ሆዳቸው እየተቃጠለ ሲያለቅሱ አንጀት ይበሉ ነበር። ጦጣ የቤቷን እህል እየቆረጠመች ትስቅባቸዋለች።

የቤቷ እህል አለቀና ወደ ጉድጓዷ ወረደች። ድንጋዩን ብትገፋው አልነቃነቅ አለ። ዙሪያውን ብትጭር ጥፍሯ ተሰበረ። ሆዷ ሲጮህ ጊዜ አፍራም ቢሆን ጎረቤቶቿን ለደቦ ጠራች። ከርከሮ ሁሉንም አስከትሎ መጣ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ።

«ድንጋዩን አንሱልኝ፣ እባካችሁ» አለች።

«እናነሳለን፣ እመት ጦጣ» አለ ከርከሮ። «ግን ዘንድሮ የትከሻ ዋጋ ወጥቷል። ትከሻ አይወልድ፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ ያለቅሳል።»

«ስንት ነው?»

«ማሽላችንን እንወስዳለን፤ ጭንጫዎን እንመልሳለን። ሽንኩርት እንመርቅልዎታለን።»

ጦጣ ልትከራከር አፏን ስትከፍት ሆዷ ቀድሟት ጮኸ። ተስማማች። ድንጋዩ ተነሳ፤ እህሉ ባለቤቶቹ ጋ ገባ። እሷ ጭንጫዋ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን ላጠች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ ገበያ ሞቀ ብሎ ጎረቤቱን የሸጠ፣ ድንጋዩን ብቻውን ይገፋል።