ሰው አለው የተባለ ባዶ ወንበር

ተረት ተረት ስትባሉ ቆማችሁ አትመልሱ፤ ተቀምጣችሁ ስሙ፣ መቀመጫ ካገኛችሁ።

በአንድ የሰርግ ቀን፣ በአንድ ዳስ ውስጥ፣ እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ ባልቴት ወንበር አማራቸው። ሥጋ አላማራቸውም፣ ጠጅ አላማራቸውም፤ ወንበር ብቻ። ሙሽሪት ትርሲት የክርስትና ልጃቸው ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ጠጉሯን የሠሩላት፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ያደሩት እርሳቸው ናቸው። ሙሽራው ሲመጣ ሁለቱ ጎንበስ ብለው የትልልቅ ሰዎችን ጉልበት ይስማሉ። ጉልበት የሚሳመው ደግሞ ከፊት ተርታ በወንበር ለተቀመጠ ነው፤ ከኋላ ለቆመ ሰው እጅ ይውለበለብለታል፣ በዚያው ያበቃል። ትርሲት ዛሬ ሳትስማቸው ከሄደች፣ እትዬ አልጋነሽ ይህ ጉልበት ለምን እንዳረጀ ሊገባቸው አይችልም።

ቤታቸው ከዳሱ ጀርባ ነውና በጓሮው አጥር ሹልክ ብለው ገቡ። የሙሽሪት ቤተ ዘመድ ጓዳ ውስጥ እየተራወጠ ነው፤ ዳሱን የሞላው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ እትዬን የሚያውቃቸው የለም። ከፊት ተርታ ባዶ ወንበር ሞልቷል። በአንዱ ላይ ቦርሳ፣ በአንዱ ላይ ኮት፣ በአንዱ ላይ አንዲት ጃንጥላ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ተቀምጣለች። እትዬ አልጋነሽ ጃንጥላዋን በጨዋነት አለፏት፤ ቀድማ የመጣች እሷ ናት። ነጠላ ብቻ ጣል የተደረገበት ወንበር አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሰው አለው፣ እናቴ» አሉ ከጎኑ የተቀመጡት ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

«የታለ ሰውየው?»

«ይመጣል።»

«እስኪመጣ አረፍ ብልበትስ?»

«ምን ከፋኝ። ግን የሰው አደራ ነው። የጋሼ ተካልኝ ነው፤ ያውና በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸው መጥተው ይፍቀዱልዎት እንጂ ነጠላዬን ለማንሳት እኔ ምን ገዶኝ።» ወይዘሮ ወሰንየለሽ ይህን ሲሉ ከልባቸው አዝነው ከንፈር መጠጡ። ባዶው ወንበር በመካከላቸው ነበር።

እትዬ አልጋነሽ ወደ ዳሱ በር ሄዱ። «ጋሼ ተካልኝ፣ ይግቡና ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ካልገቡ ነጠላው አይነሳም፤ ነጠላው ካልተነሳ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩ ጉልበቴ አይሳምም።»

ጋሼ ተካልኝ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «በደስታ ነዋ። ለእናት ወንበር ያልለቀቀ ሰው ለማን ይለቃል? ግን ውጪው በር ላይ ያሉት አቶ ሙላት ሳይገቡ እኔ አልገባም። በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«ከዚሁ ሆነው ይናገሩልኛ፣ ሴትየዋ ትሰማለች።»

«በር ላይ ቆሞ መጮህማ ነውር ነው፣ እትዬ።»

ነውር ከሆነ ምን ይባላል። እትዬ አልጋነሽ ወደ ውጪው በር ሄዱ። አቶ ሙላት ከዘራቸውን ተደግፈው አውራ መንገዱን ያያሉ። «አቶ ሙላት፣ ይግቡልኝ። እርስዎ ካልገቡ ጋሼ ተካልኝ አይገቡም፤ ጋሼ ተካልኝ ካልገቡ ነጠላው አይነሳም፤ ነጠላው ካልተነሳ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩ ጉልበቴ አይሳምም።»

«እውነትዎን ነው፣ ጉልበትማ መሳም አለበት» አሉ አቶ ሙላት። «ግን ባለቤቴ ሳትመጣ ብቻዬን አልገባም። ያለፈው ሰርግ ብቻዬን ብገባ፣ ከሚስቱ ተጣልቷል ብለው ምሳ ሳይነሳ ሽማግሌ ላኩብኝ። አልተጣላንም ብላቸው ችሎ ነው ብለው አለቀሱልኝ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«የሺመቤት? ደርሻለሁ ብላኛለች።»

«ደርሻለሁ ሲሉ?»

«ከቤት ወጥታለች ማለት ነው» አሉ አቶ ሙላት፤ የብዙ ዘመን ባል ናቸው።

እትዬ አልጋነሽ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃውን ተሻገሩ። መታጠፊያው ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ውስጡ ወይዘሮ የሺመቤት ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ጫማ ተጫምተው፣ እግራቸውን ከወለሉ ከፍ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ የሺመቤት፣ ይውረዱልኝ። እርስዎ ካልወረዱ አቶ ሙላት አይገቡም፤ አቶ ሙላት ካልገቡ ጋሼ ተካልኝ አይገቡም፤ ጋሼ ተካልኝ ካልገቡ ነጠላው አይነሳም፤ ነጠላው ካልተነሳ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩ ጉልበቴ አይሳምም።»

«በዚህ ጭቃ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ባጃጁ ደጃፍ ድረስ ካላደረሰኝ አልወርድም። ደግሞ ሙላት ይጠብቀኛል ብለው ነው? ይኼኔ ገብቶ ሁለተኛ ሰሐን ጀምሯል።»

እትዬ አልጋነሽ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ንዳልን። ባጃጁ ካልሄደ ወይዘሮ የሺመቤት አይወርዱም፤ እሳቸው ካልወረዱ አቶ ሙላት አይገቡም፤ አቶ ሙላት ካልገቡ ጋሼ ተካልኝ አይገቡም፤ ጋሼ ተካልኝ ካልገቡ ነጠላው አይነሳም፤ ነጠላው ካልተነሳ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩ ጉልበቴ አይሳምም።»

«በምን ላይ ልንዳ፣ እማማ? ያቺ ነጭ መኪና መንገዱን ዘግታዋለች። ከኋላዬ የተሰለፉትን አያዩም? ሙሽራው ነው። ክላክስ ሲያስጮኹ ውለዋል፣ አሳልፉን እያሉ።»

ከኋላ ክላክሱ አንባረቀ። ከዳሱ በኩል እልልታ መለሰለት። እንደገና አንባረቀ፤ እንደገና እልል ተባለ። ደጋሾቹ ሙሽራው እንዲህ ደስ ብሎት ያውቃል ወይ እያሉ ይደነቁ ነበር።

ነጯ መኪና የቆመችው ደግሞ ከእትዬ አልጋነሽ ከራሳቸው የፊት በር ላይ ነው። ይኸኛውስ ድፍረት ነው ብለው እትዬ ጥቁሩን መስታወት ደበደቡት። «አንተ ሰው፣ መኪናህን አንሳልን። እሷ ካልተነሳች ባጃጁ አይሄድም፤ ባጃጁ ካልሄደ ወይዘሮ የሺመቤት አይወርዱም፤ እሳቸው ካልወረዱ አቶ ሙላት አይገቡም፤ አቶ ሙላት ካልገቡ ጋሼ ተካልኝ አይገቡም፤ ጋሼ ተካልኝ ካልገቡ ነጠላው አይነሳም፤ ነጠላው ካልተነሳ አልቀመጥም፤ ካልተቀመጥኩ ጉልበቴ አይሳምም።»

መስታወቱ ጣት በምታህል ክፍተት ዝቅ አለ። በክላክሱ ጩኸት ድምፅ ከድምፅ አይለይም። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ» አለ ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «አንዲት ትልቅ ሴት እየጠበቅኩ ነው። እሳቸው ካልመጡ ንቅንቅ አልልም።» መስታወቱ ተመልሶ ተዘጋ።

እትዬ አልጋነሽ ገረማቸው። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ሙሽራ መንገድ ላይ አስቁማ ቤቷ የምትቀመጥ? አሳዳጊ የበደላት መሆን አለባት። እሷ ካልመጣች መኪናው አይነሳ፤ መኪናው ካልተነሳ ባጃጁ አይሄድ፤ ባጃጁ ካልሄደ ወይዘሮ የሺመቤት አይወርዱ፤ እሳቸው ካልወረዱ አቶ ሙላት አይገቡ፤ አቶ ሙላት ካልገቡ ጋሼ ተካልኝ አይገቡ፤ ጋሼ ተካልኝ ካልገቡ ነጠላው አይነሳ። አንዲት ግድ የለሽ ሴት የሰው ጉልበት ሳይሳም ልታስቀር። ይህን እያብሰለሰሉ ሳለ ከጉያቸው ስልካቸው ጠራ።

«ሄሎ» አሉ፣ ሌላውን ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው።

«እትዬ፣ በለጠ ነኝ፣ የትርሲት ወንድም። የት ገቡብኝ? በርዎ ላይ ቆሜ ስደውል ስንት ጊዜዬ።»

«አይ የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ነኝ። አንድ ልበ ደንዳና ባለመኪና መንገዱን ዘግቶ ሰርጉን እንዳለ አስቁሞታል።»

«እኔንም ደግሞ አንዲት አሮጊት መስኮቴን እየደበደቡ ስልክ አላነጋግር ብለውኛል።»

«ዘንድሮ ጨዋ ጠፋ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ መስኮቱን እንደገና እየደበደቡ።

«ይኸው፣ አሁንም ይደበድባሉ። ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» አሉ እትዬ። እጃቸው መስታወቱ ላይ ቀረ።

መስታወቱ ቀስ እያለ እስከ ታች ወረደ። ሁለቱም ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ተያዩ።

«እትዬ?» አለ በለጠ በስልኩ።

«አቤት» አሉት በስልኩ።

«ላመጣዎት እኮ ነው የቆምኩት።»

«ታዲያ እንደምትመጣ ማን ነገረኝ?»

«ለሁሉም ሰው ተናግሬያለሁ። ለትርሲት ነግሬያለሁ፣ ለአባቴ ነግሬያለሁ፣ ለወጥ ሠሪዎቹ ሳይቀር...» በለጠ አሰበ፤ ያን ቀን መጀመሪያ ያሰበው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። «ለእርስዎ አልነገርኩዎትም እንዴ?»

እትዬ አልጋነሽ ሊቆጡት ነበር። ግን ያቺን አሳዳጊ የበደላት ሴት አሁን ገና ሲያሟት ነበርና፣ ለቁጣ የሚሆን አፍ አልተረፋቸውም። ከነጭቃቸው መኪናው ውስጥ ገቡና «ንዳ» አሉት።

ሴትየዋ ስትመጣ መኪናው ተነሳ። መኪናው ሲነሳ ባጃጁ ሄደ። ባጃጁ ደጃፍ ሲደርስ ወይዘሮ የሺመቤት ወረዱና ባላቸውን ባዶ እጃቸውን ቆመው አገኟቸው። «ሳትበላ ጠበቅከኝ?» አሏቸው። አቶ ሙላት ክንዳቸውን ሰጧቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ሲገቡ አቶ ሙላት ገቡ፤ አቶ ሙላት ሲገቡ ጋሼ ተካልኝ ገቡ፤ ጋሼ ተካልኝ ሲገቡ «ፈቅጃለሁ» አሉ፤ ሲፈቅዱ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነጠላቸውን አነሱ፤ ነጠላው ሲነሳ እትዬ አልጋነሽ ተቀመጡ።

ሙሽራው በዚያው እግሩ ደረሰ። ክላክሱ አንባረቀ፣ እልልታው ቀለጠ፤ ይኸኛው እንኳ የእውነት ነበር። ትርሲት ከሙሽራው ጋር ከፊት ተርታው ጫፍ ጀምራ እየሳመች መጣች፤ ጃንጥላዋን አለፈች፤ እትዬ አልጋነሽ ፊት ስትደርስ ግን ጎንበስ ብላ መነሳት አቃታት። አንዱን ጉልበት ሳመች፤ ሌላውን ሳመች፤ ግንባሯን እዚያው ላይ አሳረፈች።

«እማዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «መኪና ልኬልሽ ነበር፣ በእግርሽ መጥተሽ እንዳትደክሚ ብዬ። ደከመሽ?»

በለጠ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። የእትዬ አልጋነሽ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«ምኑ ያደክመኛል፣ ልጄ» አሏት። «ተቀምጬ ነው የጠበቅሁሽ።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ወንበሩን ግን ተዉላቸው።