እህቱ ውስጥ ናት

አንዲት አያት ነበረች። በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የልጅ ልጇን እጅ ጨብጣ የአንድ ትምህርት ቤት የጎን በር ታንኳኳለች። በሩ ዝጓል፤ ሐረግ ወርሶታል። ጥጉን ዞር ቢሉ ዋናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልጆች ይጎርፉበታል። እሷ ግን የተዘጋውን ታንኳኳለች። ምን ነካት? ቆዩኝማ ልጆቼ፣ ልንገራችሁ።

ያ ትምህርት ቤት ስንት ነገሥታት ሲያልፉ የቆመ ነው። ድሮ ፈተና ካለፈ ልጅ በቀር ማንንም አያስገባም ነበር። የሰፈሩ ልጆች የግንቡን ጥግ ይዘው፣ የውስጡን ደወል እየሰሙ፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ያልፋሉ። ኋላ ዘመን ተለወጠና ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለሁሉም ይከፈት አለ፤ ግማሹ ፈተናው አይነካ አለ። ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ታረቁ። ጥቂቱ በፈተና ይግባ፤ ሌላው ቤቱ ቅርብ ስለሆነ፣ ወይም እህት ወንድሙ እዚያ ስለሚማር ይግባ ተባለ። ገቡም። ግን በፈተና የመጣው በዋናው በር፣ ሌላው በጎን በር። ግቢው መሐልም ግንብ ቆመ።

ርእሰ መምህርቷ ይህን ታሪክ ለወላጆች ሲናገሩ አያቲቱ ተቀምጣ ነበር፤ ትልቋ የልጅ ልጇ ሄርሞን ትተረጉምላታለች። "ሁለት በር" የሚለውን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የተባለው በጆሮዋ አልገባም። ስጋት እንዲህ ነው፤ ግማሹን ሰምቶ ይነሣል።

ስጋቷ ደግሞ ያለ ነገር አልነበረም። ሄርሞን ፈተናውን አልፋ የገባች ናት፤ ጨዋታ አላማራት፣ እንቅልፍ አልጠገበች። ታናሿ ኢዮስያስ ግን ተፈትኖ ወደቀ። አልሰነፈም፣ አልሆነለትም እንጂ። ውጤቱን የሰማ ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ዋለ። ኋላ ትምህርት ቤቱ ተቀብለነዋል ብሎ ቤቱ ሁሉ ሲደሰት፣ እሷ ግን በልቧ ትጠይቅ ጀመር። ይለዩት ይሆን? ከረባቱ ሌላ ቀለም ይሆን? በዋናው በር ሲገባ አንተ ወዲያ ቢሉትስ? ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው ሳያሳፍረው ብላ፣ ራሷ ወደ ጎን በር ወሰደችው።

"እማማ፣ እኔ እኮ አላለፍኩም" አላት ልጁ። "ቤት እንመለስ።"

እሷ ግን እንደገና አንኳኳች። ይኼኔ ሄርሞን ርእሰ መምህርቷን ይዛ ደረሰች። "እማማ፣ ሌባ መሰልሽ እኮ" አለቻት። ሴትዮዋም ግንቡ ከፈረሰ ወዲህ ያ በር ተከፍቶ እንደማያውቅ፣ አሁን ለሁሉም በሩ አንድ እንደሆነ አስረዷት። አያቲቱ አላመነችም።

"አላለፈም በያቸው" አለቻት ሄርሞንን። "ኋላ እንዳይቆጡ።"

ሄርሞን ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት።

"አውቃለሁ" አሉ። "እህቱ ውስጥ ናት።"

በዋናው በር ገቡ። አያቲቱ ዓይኗን አፍጥጣ ምልክት ፈለገች። ኮቱ አንድ፣ ከረባቱ አንድ። ማን ተፈትኖ እንደገባ የሚለይ ነገር የለም። የፈረሰው ግንብ ድንጋይ ግቢው መሐል መቀመጫ ሆኖ ተሠርቷል፤ ልጆች ተደርድረው ይሳሳቁበታል። ሄርሞን የወንድሟን ከረባት አቃናችለትና እጁን ይዛው ሄደች። አያቲቱ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳለም ሰው ያን የድንጋይ መቃን ተሳለመችው። ፈረንጆቹ ቆመው አዩዋት። ግድም አልሰጣት።

ልጆቼ፣ እናንተስ የትኛውን በር ነው የምታንኳኩት? አልበቃሁም፣ ወድቄያለሁ፣ ማንም ሳያየኝ በጎን ልግባ የምትሉ ስንቶች ናችሁ? የሰማዩ በር የተከፈተልን ስላለፍን ነው እንዴ? ፈተናውን በመስቀል ያለፈልን ታላቅ ወንድማችን ውስጥ ነው! በነጻ ገባን ብላችሁ ደግሞ አታቅልሉት። እሱ ያልተኛውን ሌሊት፣ ያላበውን ላብ አስቡ። ይህን ሁሉ አድርጎልን ወንድሞቼ ለማለት አላፈረብንም።

እናንት እናቶች፣ አያቶች፤ ልጅ እንዳይነካብን ስንል በገዛ እጃችን ወደ ተዘጋ በር አንውሰደው።

አልበቃህም የሚል ድምፅ ሲመጣባችሁ አትከራከሩት። እውነቱን ነው፤ አልበቃንም። "ወንድሜ ውስጥ ነው" በሉትና ቀና ብላችሁ ግቡ።