ድዳ የተባለችው አንጓች

ተረት ተረት!

የላም በረት!

የለም፣ የለም! ዛሬስ የበቅሎ በረት በሉልኝ። ይህን ሳወራ ደሜ ይፈላል።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት በቅሎ ብቻ ናት። በእሷ ጨው እየጫነች ልጆቿን ታበላለች። አንድ ቀን ሻረው የሚባል የባሏ ዘመድ መጣና፦ «ዓባይን ተሻግረን ወለጋ እንነግድ፤ ኦሮምኛውን ለእኔ ተዪው» አላት። እሷም አመነችውና ተነሣች።

መንገድ ላይ፦ «አያ ሻረው፣ ውሃ በእነሱ ምን ይባላል?» ብትለው፦ «እኔ እያለሁ ምን ያደርግልሻል!» ብሎ አፏን አስያዛት። ምቀኛ! እሷ ግን መች አርፋ! ውሃ ከሚቀዱ ሴቶች «ቢሻን» የሚለውን ለቀመች። በቅሎም «ጋንጌ» እንደምትባል ከነጋዴዎች ሰማች።

ገበያ ሲደርሱ ሻረው፦ «ትንፍሽ እንዳትዪ! ቋንቋ አለማወቅሽን ካዩ ያታልሉሻል» አላት። ከዚያም ሄደና ለገበያተኛው በኦሮምኛ፦ «ይህች አገልጋዬ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ድዳ ናት። በቅሎዋ የእኔ ናት፤ እሸጣታለሁ» አለ። አያችሁልኝ ይህን እርጉም!

አንድ ገዢ በዋጋ ተስማማና ልጓሙን ይዞ መጎተት ጀመረ። ይህኔ ለአንጓች ገባት። ዓይኗ ደም ለበሰ። ዘላ ልጓሙን ጨመደደችና አማርኛና ኦሮምኛው ተደባልቆባት፦ «ኧረ የሰው ያለህ! የምንሸጠው ጨው ነው! ይቺ ጋንጌ ኮ! ጋንጌ ኮ!» ብላ ጮኸች።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ለካ እኛ ነገር ለማጥበቅ የምንላት «ኮ» በእነሱ ቋንቋ «የእኔ» ማለት ናት! ድዳ የተባለችው ሴት «በቅሎዬ! በቅሎዬ!» ስትል ሰሟት።

የገበያው ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ በቁጣ ተነሡና ሻረውን፦ «ድዳ ናት አላልክም? ታዲያ አሁን ምላሷን ማን ፈታላት?» አሉት። በቅሎዋን ለአንጓች መለሱላት፤ እሱን ከገበያው አባረሩት።

አንጓች ጨዉን ሸጣ ስትመለስ ሻረው መንገድ ዳር ጠበቃትና በአማርኛ፦ «አንጓችዬ፣ ማሪኝ! ስንቄ አንቺው ጋ ነው፤ ራበኝ። የባልሽ ዘመድ ሻረው አይደለሁም?» እያለ ለመናት።

እሷም ዓይን ዓይኑን አየችውና ከገበያው በለቀመችው ኦሮምኛ፦ «ሂን ቤኩ» አለችው። አላውቅም ማለት ነው። በቅሎዋን ነድታ አለፈች።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ ንዴቴም እንዲበርድልኝ አፌን በትኩስ ዳቦ አብሱልኝ!