የይማምና የኢማም ልጅ

ልንገራችሁ? ንገሪን በሉኛ። ታዳምጣላችሁ? እናዳምጣለን በሉኛ። እንግዲያው ጠጋ በሉ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ወሬ ነውና ጫፉ እንዳያመልጣችሁ።

ወይራ በር በምትባል ዳገታማ ከተማ ዘቢባ የምትባል ልጅ ነበረች። በወይራ በር ኮሌጁ ዳገቱ አናት ላይ ነው። ከኮሌጁ ዝቅ ብሎ ቀበሌው፣ ከቀበሌው ዝቅ ብሎ የልብስ ሰፊዎች ሰፈር አለ። የውሃው ቦኖ ከሁሉም በታች ነው። የዘቢባ አባት ገና በልጅነቷ ሞቷል። እናቷ ሐዋ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች አሳደገቻት። ዘቢባ አዋላጅ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ፈተናውን አልፋለች፣ ኮሌጁም ተቀብሏታል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሌጁ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ። ድጋፉን ካገኘች ትማራለች። ካላገኘች አንድ ደላላ ፎቶዋን ይዞ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሊልካት እየጠበቀ ነው። ፎቶውን የሰጠችው እናቷ ናት። ሰጥታም ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃበት ቀን ደረሰ። ዘቢባ ማስረጃዎቿን በፕላስቲክ ማህደር ይዛ በጠዋት ዳገቱን ወጣች። የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«የስምንተኛ ክፍል ካርድሽ ዘቢባ ኢማም ይላል። የአሥራ ሁለተኛው ደግሞ ዘቢባ ይማም። አባትሽ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ናቸው።»

«ሁለት አባት የለሽም መቼም።»

«ኧረ አንድም የለኝም፤ ሞቷል» አለች ዘቢባ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት መነጽራቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። ልጄ፣ ላስቸግርሽ ብዬ አይደለም። አምና አንዱ በሌላ ሰው ማስረጃ ገብቶ ድጋፉን ወሰደ። የሚገባት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከዚህ በር ስትመለስ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ሳላጣራ አልፈርምም። ቀበሌ ሂጂና ይማምና ኢማም አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጠው ማኅተም ይምቱልሽ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ።»

ማኅተም ካልተመታ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አይፈርሙም፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ካልፈረሙ ዘቢባ አትማርም።

ዘቢባ ወደ ቀበሌ ወረደች። የቀበሌው ጸሐፊ አቶ ጥጋቡ ከሲታ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ማኅተሙ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ዘቢባ ዓይኗን ከማኅተሙ ላይ መንቀል አቃታት።

«እኔ አባትሽን አላውቃቸውም» አሉ አቶ ጥጋቡ። «የማላውቀውን ሰው አንድ ነው ብዬ ማኅተም ብመታ ነገ ይጠይቁኛል። የሚያውቃቸው ምስክር አምጪልኝ።»

«እናቴን ላምጣ?»

«እናት ለልጇ ትመሰክራለች እንዴ? ባዳ ይሁን። ቆሞ አውቀዋለሁ የሚል።»

ምስክር ካልመጣ አቶ ጥጋቡ ማኅተም አይመቱም፤ ማኅተም ካልተመታ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አይፈርሙም፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ካልፈረሙ ዘቢባ አትማርም።

አባቷን የሚያውቅ ማን አለ? ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ አሉ። የአባቷ ጓደኛ እንደነበሩ እናቷ ስታወራ ሰምታለች። ወደ ሰፊዎቹ ሰፈር ወረደች። ጋሽ እንድሪስ የስፌት መኪናቸውን ገልብጠው ሆዱ ውስጥ ያያሉ። ጎናቸው ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ አንዱ እጅጌ ገና አልተሰፋም።

የመጣችበትን ነገረቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ቀና ብለው ፊቷን ትንሽ አጤኑት።

«የይማም ልጅ። ግንባርሽ የሱ ነው» አሉ። «ለይማም ያልመሰከርኩ ለማን እመሰክራለሁ? ግን ይኸው፣ መኪናዬ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ። የሙሽራዋ እህት ከሰዓት ቀሚሱን ልትወስድ ትመጣለች። ሠርጉ ነገ ነው። ሳልጨርስ ሱቄን ዘግቼ ብሄድ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«መኪናውን የሚጠግን የለም?»

«ጌጡ አለ። ብልክበት ብልክበት አልመጣም።»

መኪናው ካልተጠገነ ቀሚሱ አያልቅም፤ ቀሚሱ ካላለቀ ጋሽ እንድሪስ አይመሰክሩም፤ ምስክር ካልመጣ አቶ ጥጋቡ ማኅተም አይመቱም፤ ማኅተም ካልተመታ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አይፈርሙም፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ካልፈረሙ ዘቢባ አትማርም።

ዘቢባ ወደ ጌጡ ቤት ወረደች። ገና ከሩቅ የሕፃን ለቅሶ ተቀበላት። ጌጡ ወጣት ነው፤ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይመላለሳል። ሸሚዙ በልጁ ምራቅ ርሷል።

«መኪናውን ማየት ጠፍቶኝ አይደለም» አላት። «ጥርስ እያበቀለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። እናቱ ሥራ ገብታለች። ይዤው እንዳልሄድ ሥራው ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

«እኔ ልያዝልህ።»

ሰጣት። ሕፃኑ ዘቢባን አንድ ጊዜ አየ፤ ከዚያ እስካሁን ያለቀሰው ልምምድ ይመስል ጮኸ። መልሳ ሰጠችው።

«ከእኔና ከእናቱ ሌላ አያቱን ብቻ ነው የሚወደው። እሳቸው ደረት ላይ ወዲያው ይተኛል። ግን ቦኖ ወርደዋል፤ ዛሬ የሰፈራችን የውሃ ተራ ነው።»

አያቱ ካልመጡ ሕፃኑ አይተኛም፤ ሕፃኑ ካልተኛ ጌጡ መኪናውን አይጠግንም፤ መኪናው ካልተጠገነ ቀሚሱ አያልቅም፤ ቀሚሱ ካላለቀ ጋሽ እንድሪስ አይመሰክሩም፤ ምስክር ካልመጣ አቶ ጥጋቡ ማኅተም አይመቱም፤ ማኅተም ካልተመታ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አይፈርሙም፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ካልፈረሙ ዘቢባ አትማርም።

ወደ ቦኖው ወረደች። ከዚህ በታች ሌላ ቁልቁለት የለም። ቢጫ ጀሪካኖች እንደ ሰው ተሰልፈው፣ ሴቶቹ ጥላ ፍለጋ አጥር ሥር ተኮልኩለዋል። ቧንቧው ደረቅ ነው። የሕፃኑ አያት እማማ ጥሩዬ ከጀሪካኖቻቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የልጅ ልጅዎ እያለቀሰ ነው። ጌጡ ይምጡልኝ ይላል።»

«አውቃለሁ። ከማልቀስ ሌላ ምን ሥራ አለው» አሉ እማማ ጥሩዬ። «ግን ውሃው ሳይመጣ ከዚህ ብነሳ ተራዬን ይወስዱብኛል። ዛሬ ያመለጠኝ ውሃ በሳምንቱ ነው የሚመጣው። ለዚያ ልጅ ጨርቅ በምን ይታጠባል?»

ውሃው ካልመጣ አያቱ አይመጡም፤ አያቱ ካልመጡ ሕፃኑ አይተኛም፤ ሕፃኑ ካልተኛ ጌጡ መኪናውን አይጠግንም፤ መኪናው ካልተጠገነ ቀሚሱ አያልቅም፤ ቀሚሱ ካላለቀ ጋሽ እንድሪስ አይመሰክሩም፤ ምስክር ካልመጣ አቶ ጥጋቡ ማኅተም አይመቱም፤ ማኅተም ካልተመታ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አይፈርሙም፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ካልፈረሙ ዘቢባ አትማርም።

ዘቢባ ቧንቧውን አየችው። ቧንቧ አይለመን ነገር። ዳገቱን ቀና ብላ አየችው፤ የኮሌጁ ቆርቆሮ ከላይ ያብለጨልጫል። ማልቀስ ቃጣት። ከዚያ፣

«እኔ ተራዎን ልጠብቅልዎ» አለች።

«ባለፈው አንዷ እንዲሁ ብላኝ ጥላው ሄደች። አንቺንስ በምን ላምንሽ?»

ዘቢባ ማህደሩን ዘረጋችላቸው። «የትምህርት ማስረጃዬ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ የለኝም። እስክመጣ ይያዙልኝ።»

እማማ ጥሩዬ ልጅቷን አዩ፣ ማህደሩን አዩ። ማህደሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተነሡ። «አራቱም ጀሪካን የእኔ ነው። ቤቴ ይኸ ሰማያዊው በር ነው። ስትጨርሺ እዚያ አስቀምጪልኝና ነይ» ብለው ዳገቱን ተያያዙት።

ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ የዋለች ልጅ አሁን ዝም ብላ መቆም ሆነ ሥራዋ። ፀሐዩ በረታ። አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ከፊት ልትገባ ሞከረች፤ ዘቢባ «የእማማ ጥሩዬ ተራ ነው» ብላ ከጀሪካኑ ፊት ቆመች። ሴትዮዋ አጉረመረመችና ተመለሰች። የምሳ ሰዓት አለፈ። ዘቢባ ባለፈው ዓመት ዓረብ አገር ስለሄደችው ጓደኛዋ አሰበች። መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር፤ አሁን አትደውልም። ማሰቡን ተወችው። ማህደሩን ይዞ የዋለው እጇ ባዶነቱ እየከበዳት ሄደ።

ከዚያ ቧንቧው ሳል ሳል አደረገው። አየር ተፋ። ቀይ ውሃ ተፋ። ቀጥሎ ጠራ ያለ ውሃ ወረደ፣ ሴቶቹም ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ዘቢባ አራቱንም ሞላች። እየተመላለሰች ከሰማያዊው በር ሥር ደረደረቻቸው። ከዚያ ሽቅብ ሮጠች።

ጌጡ ቤት ስትደርስ ጸጥ ብሏል። እማማ ጥሩዬ አልጋው ላይ ጋደም ብለዋል፣ ሕፃኑ ደረታቸው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና በሌላው እጃቸው ማህደሩን ሰጧት።

«ውሃው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አራቱም ሞልቷል።»

«ተባረኪ። ጌጡ ከሄደ ቆየ። ሩጪ።»

የጋሽ እንድሪስን መኪና ገና ሱቁን ሳታየው ሰማችው። ይዘፍናል። ጌጡ በር ላይ ሆኖ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የሙሽራዋ እህት ቀሚሱን እያጠፈች ፌስታል ውስጥ ታስገባለች። ጋሽ እንድሪስ ኮታቸውን ደርበው ሱቁን ቆለፉና፣ «በይ ቅደሚ» አሏት።

አቶ ጥጋቡ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አገኟቸው። ጸሐፊው ተመልሰው ተቀመጡ፣ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ይመስክሩ። ሰውየው ይማም ነው ኢማም?»

«እኛ ጓደኞቹ ይማም እንለዋለን» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «መስጊድ ሼሁ ኢማም ይሉታል። በሁለቱም ሲጠራ አቤት ይል ነበር። ሸሚዙን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ሲሞትም የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሲስቅ እስከዚህ ይሰማል፤ መንገደኛው ምን ተገኘ እያለ ይቆም ነበር። ይቺ ልጅ የተወለደች ቀን ሱቄ መጥቶ ጨርቅ ስጠኝ አለኝ። የምን ጨርቅ ስለው ለልጄ የሚሆን ለስላሳ አለ። አዲስ ጣቃ አስቀደደኝ። ሁለት ሰው ቢሆንልኝማ ደስ ባለኝ፤ አንዱ ይቀርልኝ ነበር።»

አቶ ጥጋቡ መጻፋቸውን አቁመው ነበር። ዘቢባ አባቷ ሳቂታ እንደነበር እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራትም። እናቷ ስለሱ ስታወራ ስለ ሕመሙ ነበር የምታወራው።

«አንድ ሰው ነው» አሉ አቶ ጥጋቡ። ጻፉ፣ ጋሽ እንድሪስን አስፈረሙ፣ ማኅተሙን አንሥተው መቱ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። የኮሌጁ ግቢ ሰው የለበትም፣ የድጋፍ ክፍሉ መስኮት ግን ክፍት ነበር። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ልዘጋ ነበር» አሉ። «ከዚያ ደግሞ ዳገቱ ላይ አንድ የሚሮጥ ነገር አየሁ።»

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አልተቻኮሉም። ከዚያ ፈረሙ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት።

አያቱ መጡ፣ ሕፃኑ ተኛ፤ ሕፃኑ ተኛ፣ ጌጡ መኪናውን ጠገነ፤ መኪናው ተጠገነ፣ ቀሚሱ አለቀ፤ ቀሚሱ አለቀ፣ ጋሽ እንድሪስ መሰከሩ፤ ምስክር መጣ፣ አቶ ጥጋቡ ማኅተም መቱ፤ ማኅተም ተመታ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ፈረሙ፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ፈረሙ፣ ዘቢባ ልትማር ነው።

ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማ፣ ተፈረመልኝ።»

ሐዋ እያጠበችው የነበረውን ልብስ ጨመቀችው። ከስልኩ ወዲያ የሚንጠባጠብ የልብስ ውሃ ድምፅ ተሰማ።

«እማ?»

«አለሁ» አለች ሐዋ። ቀጥላም፣ «ለዚያ ደላላ ዛሬውኑ ደውዬ ፎቶሽን እቀበለዋለሁ» አለች። «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም። ቀስ ብለሽ ነይ፣ አብረን እንበላለን።»

ዘቢባ ተነሣች። ቀኑን ሙሉ ስትወጣው ስትወርደው የዋለችውን መንገድ ሳትሮጥ ወረደችው።

እኔ አወራሁላችሁ፣ እናንተ ተቀበሉኝ፤ ደክሞኛልና እራት አቅርቡልኝ።