ሦስት ፍላሽ፣ አርባ ሁለት ጉድጓድ

አንዲት ሴት ነበረች። አሮጌ ላፕቶፕ አላት፤ ጠዋት ከፍታው ቁርሷን በልታ፣ ሳህኑን አጥባ ስትመለስ ገና ሊነሣ የሚያስብ ላፕቶፕ። ቫይረስ ጨርሶታል።

ይህች ሴት ግን ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነበረባት። አባቷ አቶ ደምመላሽ ሠላሳ ዓመት የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የት ተቆፍሮ ውኃ እንደ ወጣ፣ የት ተለፍቶ ደረቅ እንደ ሆነ፣ ከእሳቸው ጭንቅላት በቀር የትም አልተጻፈም። እሳቸው ደግሞ መርሳት ጀምረዋል። ወረዳው በበጋው ሊቆፍር ነው። "አባዬ፣ ይንገሩኝና ልጻፈው" አለቻቸው።

ወንድማገኝ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ጎረቤት ነበራት። "ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ አስገቢበት" አላት። "ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን ይስማማል፣ ዓይነቱም ብዙ ነው።" ሦስት ፍላሽ ሰጣት። አንዱ ላይ ኡቡንቱ፣ አንዱ ላይ ሚንት፣ አንዱ ላይ ፌዶራ። "የወደድሽውን ትመርጫለሽ።"

ፍላሹን ስትሰካ ሁለት ምርጫ መጣላት። አንዱ "ሳትጭን ሞክር" ይላል። ሌላው "ጫን" ይላል፤ ከሥሩ ግን "ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል" የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትነኩ ነበር? እሷም እንደ እናንተ ናት። "ሞክር" የሚለውን ነካች።

ኡቡንቱ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ከፕሮግራም መደብሩ አንዴ ነካ አድርጋ አስገባች። ደስ አላት፤ አጥፍታ ተኛች። በማግስቱ ስትከፍተው መጻፊያው የለም! "ይሄስ ዝንጉ ነው" ብላ ወደ ሚንት ሄደች። ሚንትም በማግስቱ ረሳ። ወደ ፌዶራ ሄደች፤ እዚያ ደግሞ ትእዛዙን በእጇ እየጻፈች፣ እየተሳሳተች፣ እየደጋገመች አስገባች። በማግስቱ ባዶ። ሦስቱንም ጎረቤት እስኪሰለች አማቻቸው። አንድ ቀን እንኳ "ለመሆኑ እኔ መቼ ጫንኩት?" አላለችም።

በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። አለማጥፋት! ክዳኑን ትዘጋለች እንጂ ማሽኑን አታጠፋም። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ቀን አባቷ ሲናገሩ ጻፈች። አርባ አንድ ጉድጓድ። በዘጠነኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ድሮም አቅም የለውም፤ ጥቂት ታገለና ጠፋ። መብራት ሲመጣ ብትከፍተው ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ጠበቃት። ትሞክሪያለሽ ወይስ ትጭኛለሽ? ከአርባ አንዱ ጉድጓድ አንድም የለም።

ልቅሶዋን ሰምቶ ወንድማገኝ መጣ። "በፍላሽ ስትሞክሪ የጻፍሽው የሚቆየው ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ጋ ያው ነው። ሳትጭኚው እንዴት ያስታውስሽ?"

"ያለው ይጠፋል ሲለኝ ፈርቼ ነዋ!"

"ምን ነበረሽ?"

አሰበች፣ አሰበች። "የልጆቼ ፎቶ... እና ቫይረስ።"

"ፎቶውን አውጥተን እናስቀምጥልሻለን። ቫይረሱ ይቅርብሽ።"

ሚንትን ጫኑት። ለአባቷ መንገር ግን ከበዳት። እንዴት ብላ ትንገራቸው? ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተናግረዋል። አቶ ደምመላሽ እስክትጨርስ ሰሟትና "እኔ እኮ አለሁ" አሉ። "ተቀመጪ፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።"

ያን ቀን የአንዱን ጉድጓድ ነገሯት። "አሁን አጥፊው" አሉ። አጠፋችው። "ክፈቺው።" ከፈተችው። ጉድጓዱ አለ! አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ።

ሲጨርሱ ስንት ሆነ መሰላችሁ? አርባ ሁለት። በመጀመሪያው ጊዜ የዘነጉት አንድ ጉድጓድ ትዝ ብሏቸው ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ ውኃ የወጣበት ነው። በበጋው ቆፋሪዎቹ ከዚያ ጀመሩ፤ ውኃም ወጣ።

ወገኖቼ፣ እሑድ እዚህ ትመጣላችሁ። ትሰማላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ፣ "ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ" ትላላችሁ። ሰኞ ጠዋት ስትነሡ የታለ? ከዚያ "ይህ ሰባኪ አልጠቀመኝም" ብላችሁ ወደ ሌላው። "እዚያ መዘምራኑ ይሻላሉ" ብላችሁ ደግሞ ወደ ሌላው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መቼ ጫናችሁት?

አልቆጣችሁም። እኔም ስንት ዓመት በፍላሽ ኖሬአለሁ። "ያለው ይጠፋል" ሲባል ያስፈራል። ግን ምን አላችሁ? ያ ቂም ነው? ያ የአሥር ዓመት ኩርፊያ? የምትወዱትን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ያስቀምጥላችኋል። ቫይረሱ ይቅርባችሁ።

ደግሞ "የተነገረኝን ሁሉ አጥፍቻለሁ፤ አሁን በምን ፊቴ?" እያላችሁ አንገታችሁን የደፋችሁ አላችሁ። አባታችሁ አለ። ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ሊነግራችሁ አልሰለቸም፤ እሱ ደግሞ መርሳት አልጀመረም።

ዛሬ ጫኑት። ነገ ሰኞ ነው፤ ከፍታችሁ እዩት።