የቦዩ ጭራ ማሳ

በአንድ ወቅት፣ የውሃ ሞተር ያልደረሰባት ሳትሆን ደርሶባት በገዛ እጇ የመለሰችው አንዲት መንደር ነበረች። ከደጋ ግርጌ፣ ጥቁሪት በምትባል ወንዝ ዳር ነው። ነገሩን ለማንም ሳላደላ ለመናገር እሞክራለሁ፤ ክርክሩ እስካሁን አላለቀምና።

የመንደሪቱ ሰው ወንዙን ጠልፎ በአንድ ቦይ እያወረደ በየተራው ማሳውን ያጠጣ ነበር። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። የውሃ አባት የሚያርሰው ማሳ ከሁሉም በታች፣ ከቦዩ ጭራ ላይ ያለው ነው። ውሃ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው ከላይ ያሉት ሁሉ በልክ ከጠጡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የውሃ አባት ቢያዳላ መጀመሪያ የሚርበው ራሱ ነው። ማሳው ከሹመቱ ጋር ይሄዳል እንጂ አይሸጥም፣ ተቆርሶም አይከፈልም።

ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ በዚህ ሹመት ላይ ሳሉ ሞተር መጣ። ሰው ተራ መጠበቁን ትቶ ከወንዙ በቀጥታ ይስብ ጀመር። ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ፤ ቆርቆሮ ቤትም በዛ። ወንዙ ግን በጋ በመጣ ቁጥር እየቀጠነ ሄደ፤ ቦዩንም ሣር ዋጠው። ጓንጉል የሚያከፋፍሉት ውሃ ሳይኖራቸው፣ ማሳቸው እንደተሰነጠቀ ሞቱ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ትልቁ እንየው ነው። ሞተርን ወደ መንደሪቱ መጀመሪያ ያመጣውም እርሱ ነው። ከአባቱ ተዝካር በኋላ፣ ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ሰሞን፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፈታታው። ጎረቤቱ ደረበ እየሮጠ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ነካ አደረገህ እንዴ? ሽንኩርቱ ይደርቃል እኮ!»

«ይድረቅ።»

«እስኪደርስልህ ብትታገሥ ምን ነበረበት?»

«እኔ የኔ እስኪደርስ፣ አንተ ያንተ እስኪደርስ። ወንዙስ ስንቱን ይታገሥ?»

ሽንኩርቱ ደረቀ። ደረበ ሲስቅበት ሰነበተና አንድ ቀን እርሱም ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ያዘዛቸው አልነበረም።

ሞተሩ ቢጠፋም ወንዙ አልበረታም። ምንጩ ራሱ ደክሞ ነበር። ሁለተኛዪቱ ልጅ ጠጅቱ ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ነበራት፤ ለቆርቆሮ ቤት ይሆነኛል ብላ ያሳደገችው ነው፤ ዛፉ ግን ምንጩን ይመጥጥ ነበር። ለወጋግራ ሳይደርስ ቆረጠችው። ከሴቶቹ ጋር ሆና ጉቶውን እየማሰች ነቀለች፤ በቦታው ሸምበቆና ዋንዛ ተከለች። እጇ አብጦ ነበር።

«ቤቱስ?» አላት ባሏ ቢምረው።

«በሣር ቤት አይደል ያገባኸኝ? ምን ጎደለህ?»

«ዝናብስ አልጎደለኝም» አለ ባሏ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ።

ከክረምቱ በኋላ ምንጩ ሞላ። እነርሱ ግን ዛሬም የሚያፈሰው ቤት ውስጥ ናቸው።

ቦዩ ተጠርጎ ውሃው ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰው ተራ መጠበቅ ረስቶ ኖሮ፣ ወንዙ ወደ ቦዩ ከሚጠለፍበት ላይ አካፋ ተማዘዘ። የመጨረሻው ልጅ ምንይችል ሞተር ገዝቶ አያውቅም፤ የአባቱን ማሳ ይዞ በመሬቱ እርጥበት ሽምብራ እየዘራ፣ ጥቂት እየበላ የኖረ ነው። «ቀርፋፋው» ይሉት ነበር። እርሱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ በአካፋዎቹ መካከል ቆመ። አባቱ እንዳስተማሩት ሰዓቱን ለማወቅ ጥላውን በእግሩ እየለካ ለሁሉም ተራ ሰጠ።

«ያንተስ ድርሻ?» አሉት።

«ቀኑ ከተረፈ ይደርሰኛል።»

በመጀመሪያው ዙር ቀኑ አልተረፈም። ሽምብራው በአበባው ቀረ። ቢሆንም የማንንም ቦይ ወደ ራሱ አልቀደደም።

በሁለተኛው ዙር ውሃው እስከ ቦዩ ጭራ ወረደ። መንደሩ ሁሉ ውሃውን እየተከተለ ወረደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እውነት ለመናገር፣ የሚያኮራ ነገር ነው። ሽንኩርቱ አንሷል፤ ገብሱና ባቄላው ግን በቅሏል። የጎረቤት መንደሮች በበጋ ውሃ በአህያ ሲጭኑ የእነርሱ ቦይ ይፈሳል።

ውሃው ማሳው አፍ ላይ ሲደርስ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሙጬ እጃቸውን አነሡ። «የውሃ አባት ሳይሰየም ይህ ማሳ አይጠጣም» አሉ። ሦስቱም ልጆች አካፋቸውን ይዘው ቀረቡ።

«እኔ ሞተሬን ባላጠፋ ማን ያጠፋ ነበር?» አለ እንየው።

«አንተ ባታመጣው ማን ያመጣው ነበር?» አለ ደረበ።

ጠጅቱ ቀጠለች። «ምንጩ ባይመለስ ሞተሩ ጠፋ አልጠፋ ምን ዋጋ አለው? የመለስሁት እኔ ነኝ።»

«ያደረቀውስ ያንቺው ባሕር ዛፍ አይደል? ደግሞ ሴት የውሃ አባት ትባላለች?» አላት ደረበ።

«እናት በሉኛ! ውሃው እንደሆነ ስም አይጠይቅ።»

ምንይችል ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። «ያለ ተራ ቢሆን በዚህ ቦይ የሚፈሰው ደም ነበር።»

«አንተ ደግሞ ምን ተውህና? ያልያዘ ሰው ምን ይለቃል?»

«አለመያዝ ቀላል መስሎህ ነው፣ አያ ደረበ?»

አንዱ ከኋላ «እንግዲያ ለሦስት ይካፈሉት!» ብሎ ጮኸ።

«ሦስት ጭራ ያለው በሬ የት አይተሃል?» አሉት አያ ሙጬ። ሰው ሳቀ፤ ፍርዱ ግን አልተገኘም።

የዘሩ ጊዜ እያለፈ ነው። ውሃው ማሳው አፍ ላይ ቆሟል፤ ሦስቱም አካፋቸውን ይዘዋል፤ ሳይፈረድለት ቆፍሮ ውሃውን የሚያስገባ አንድም የለም። እኔ ልፍረድ ብል አንዱን እንዳልበድል እፈራለሁ። እናንተ ግን ተከራከሩበት፦ የውሃ አባትነቱና የቦዩ ጭራ ማሳ የሚገባው ሞተሩን ላጠፋው ነው፣ ምንጩን ለመለሰችው ነው፣ ወይስ ተራውን ለጠበቀው?